ክብደትና ዝንባሌ፤ የሳይንስ ትምህርት መስክ አመራረጥ ሂሳዊ ምርመራ

መግቢያ

በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የገባ ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት ሲገባደድ አንድ ቅጽ ይሰጠዋል። በቅጹ ላይ የትምህርት ክፍሎች ስም ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ከተማሪው የሚጠበቀውም የሚፈልጋቸውን በቅደም ተከተል መሙላት ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ተማሪው ለጓደኞቹ፣ ቀደም ብለው ለገቡት ታላላቆቹና ለመምህራኑ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ባመዛኙ ሁለት ናቸው። አንደኛው «ከእነዚህ ውስጥ ቀላሉ የትኛው ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የትኛውን ብማር እወደዋለሁ?» የሚል ነው።

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ፊዚክስ ከባድ፣ ባዮሎጂ ቀላል፣ ኬሚስትሪ መካከለኛ እንደሆነ የሚገልጽ ያልተጻፈ ዝርዝር ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ይኖራል። ምክር ሰጪው ደግሞ «ዝንባሌህን ተከተል» ብሎ ይደመድማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዱን የሳይንስ መስክ ከሌላው ማስበለጥ አይደለም። የጽሑፉ ዓላማ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ራሳቸው በትክክል የተጠየቁ መሆናቸውን መመርመር ነው። ክብደት የትምህርቱ ቋሚ ባሕርይ፣ ዝንባሌም ከተማሪው ጋር አብሮ የተወለደ ጸጋ ተደርጎ ሲወሰድ ምርጫው በጭፍን ይካሄዳል። ሁለቱም በአብዛኛው የማስተማር ውጤቶች ናቸው። ይህን መገንዘብ የሚጠቅመው ለተማሪው ብቻ አይደለም፤ ወደ ፊት ሳይንስን በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ማን እንደሚሆን የሚወስነውም ይኸው ምርጫ ነው።

1. ምርጫው የሚካሄድበት ሥርዓት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ሥርዓታችን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ለረጅም ዘመን ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት «ፍሬሽማን» ተብሎ በጋራ ትምህርቶች ያሳልፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል ግን 11ኛና 12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ ሆኑ። የፍሬሽማኑም ትምህርት በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደዚያው ተሸጋገረ። በዚህ ምክንያት ተማሪው ገና የዩኒቨርሲቲውን ደጅ ሳይረግጥ፣ የሚማርበትን የሙያ ዘርፍ በቅጽ ላይ እንዲሞላ ተገደደ።

በ2000 ዓ.ም. የተነደፈው የቅበላ ምጣኔ ከመቶ 70 የሚሆኑት ተማሪዎች በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ዎቹ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች እንዲመደቡ የሚያዝዝ ነበር። በምጣኔው መሠረት ምሕንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻውን 40 በመቶ ሲይዝ፣ ለተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ 20 በመቶ፣ ለሕክምናና ጤና 5 በመቶ፣ ለግብርና 5 በመቶ ተመድቧል። ዕቅዱ አገሪቱ ምን ያህል ባለሙያ እንደሚያስፈልጋት በቍጥር አስቀምጧል፤ ይህን ማስቀመጡም ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ የተመደበው ተማሪ ለተመደበበት ትምህርት ምን ያህል መሠረትና ፍላጎት እንዳለው የሚጠይቅ ሌላ ዐምድ በሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በጋራ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አጠቃላይ ፊዚክስን፣ አጠቃላይ ኬሚስትሪን፣ አጠቃላይ ባዮሎጂንና ሒሳብን ከቋንቋና ከማኅበራዊ ጉዳይ ትምህርቶች ጋር ይወስዳል። ስለሆነም ተማሪው ከመምረጡ በፊት የሚመርጠውን ለማየት የሚያስችለው ዕድል በመርሕ ደረጃ ተመልሷል ለማለት ይቻላል። ዕድሉ በተግባር እንዴት ጥቅም ላይ እንደሚውል ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በብዙ ተቋማት የትምህርት ክፍል ድልደላው የሚካሄደው የመግቢያ ፈተና ውጤትንና የአንደኛ ዓመት አማካይ ነጥብን ደምሮ ተማሪዎችን በማዕረግ በማሰለፍ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ስመ ጥር የሆኑትን ክፍሎች ይሞላሉ፤ የተቀሩት ቦታ ወደ ተረፈበት ይላካሉ። ፊዚክስና ሒሳብን የመሳሰሉ የሳይንስ ሁሉ መሠረት የሆኑ መስኮችም ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በዚህ ዓይነት ነው።

ከዚህ ጋር ሌላ ነገር መታሰብ ይኖርበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። ይህን ያህል ጠባብ በር አልፎ የመጣ ተማሪ በተሳሳተ መስክ ውስጥ ቢባክን ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

2. ክብደት ምንድን ነው?

ተማሪው «ፊዚክስ ከባድ ነው» ሲል «ድንጋይ ከባድ ነው» እንደሚል ሰው ይናገራል። ክብደቱ በድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ሁሉ የትምህርቱም ክብደት በራሱ በትምህርቱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው አባባል እንደሚያስረዳው፣ ክብደት በሸክሙና በተሸካሚው መካከል ያለ ግንኙነት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ተማሪዎች «ከባድ» በሚለው አንድ ቃል የሚጠሯቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ እንገነዘባለን።

የመጀመሪያው የመሠረት ጉድለት ነው። ለምሳሌ ያህል የሞልን ጽንሰ ሐሳብ እንውሰድ። 12 ግራም ካርቦን አንድ ሞል እንደሆነና በውስጡም 6.02 × 10²³ ያህል አቶሞች እንደሚገኙ መምህሩ ያስተምራል፤ ቀጥሎም 36 ግራም ካርቦን ስንት ሞል እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚደናገረው ተማሪ «ኬሚስትሪ ከበደኝ» ይላል። የከበደው ግን ኬሚስትሪ አይደለም፤ በመካከለኛ ደረጃ ሳይጨብጠው ያለፈው የንጥጥርና የወደር ሒሳብ ነው። ይኸው ጉድለት በፊዚክስ ክፍል የፍጥነትን፣ በባዮሎጂ ክፍል የዘር ውርስን ስሌት ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው በመሸሽ አያመልጡትም።

ሁለተኛው የአቀራረብ ክብደት ነው። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ብዙ ተማሪዎች ከአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቋንቋውንና ሳይንሱን በአንድ ጊዜ ለመፍታት ይታገላሉ። በዚህ ላይ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የሚውልበት፣ ወይም ጭራሹን የሌለበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። አሲድና ቤዝ እየተጨማመሩ ሲመጣጠኑ፣ ፊኖልፍታሊን የተጨመረበት ውሁድ በአንዲት ጠብታ ልዩነት ወደ ሐምራዊ ሮዝ ሲለወጥ በዓይኑ ያላየ ተማሪ፣ ያችን ቅጽበት የሚያውቃት እንደ አንድ ረጅም ትርጓሜ ነው፤ በቃሉ ያጠናታል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳታል። ለዚህ ተማሪ የከበደው ሳይንሱ ሳይሆን የሳይንሱ አለመኖር ነው።

ሦስተኛው ከትምህርቱ ከራሱ ባሕርይ የሚመነጭ ክብደት ነው፤ ይህም በየመስኩ ይለያያል። ፊዚክስ ተማሪው የሚያየውን ዓለም ገፎ እንዲያስብ ይጠይቀዋል። ሰበቃ የሌለበትን ሜዳ፣ ድንጋይና ላባ እኩል የሚወድቁበትን ባዶ ሕዋ በሐሳቡ ፈጥሮ ግንኙነቱን በሒሳብ ቀመር መግለጽ አለበት። የኬሚስትሪን ችግር የስኮትላንዱ የትምህርት ተመራማሪ አሌክስ ጆንስተን በሚገባ አስረድተውታል። እርሳቸው እንደሚሉት የኬሚስትሪ ተማሪ በሦስት ደረጃዎች መካከል መመላለስ ይኖርበታል፤ እነርሱም በዓይን የሚታየው፣ በዓይን የማይታየው የቅንጣቶች ዓለም፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚወክለው ምልክት ናቸው። መምህሩ ስለ ብረት ዝገት ሲናገር በአንድ ትንፋሽ ሦስቱንም ይነካካል፤ ተማሪው ግን የትኛው ላይ እንደቆመ አያውቅም። ሒሳብ ደግሞ መልስ ማግኘትን ትቶ መልሱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥን ይጠይቃል። ጂኦሎጂ ከአንድ የገደል ግንብ ላይ የሚሊዮን ዓመታትን ታሪክ እንድናነብ ያዝዘናል።

ባዮሎጂ ለብቻው መታየት ይገባዋል፤ ምክንያቱም «ቀላል» የሚለውን ስም የተሸከመው እርሱ ነው። ይህን ስም ያገኘው በታችኛው ደረጃ ሲፈተን በአብዛኛው ቃላትንና ምድቦችን በማስታወስ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ከሒሳብና ከኬሚስትሪ ሸሽቶ ወደ ባዮሎጂ የገባ ተማሪ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ባዮኬሚስትሪን፣ ሞለኪዩላዊ ጄኔቲክስንና ስታቲስቲክስን ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ሕዝበ ዘር ሚዛን የወጣውና ዛሬም በመጀመሪያ የጄኔቲክስ ኮርስ የሚሰጠው የሃርዲና የዋይንበርግ ሕግ የካሬ ስሌት ነው፤ ሃርዲም የሒሳብ ሰው ነበር። ሽሽቱ እንግዲህ ተማሪውን ከተወው ችግር ፊት መልሶ ያቆመዋል፤ ልዩነቱ አሁን የሚያግዘው መሠረት ሳይዝ መገናኘቱ ነው።

ከሦስቱ የክብደት ዓይነቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መድኃኒት አላቸው፤ በማካካሻ ትምህርት፣ በተሻለ አቀራረብና በቤተ ሙከራ ይወገዳሉ። ለዕድሜ ልክ ምርጫ መመዘኛ ሊሆን የሚገባው ሦስተኛው ነው። ተማሪዎቻችን ግን ቅጹን የሚሞሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተመርተው ነው። ሦስተኛውን ገና አላዩትምና።

3. ዝንባሌ ከየት ይመጣል?

«ዝንባሌህን ተከተል» የሚለው ምክር ዝንባሌው አስቀድሞ እንዳለ ያስባል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማይክሮስኮፕ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ግን ለሕዋስ ጥናት ዝንባሌ እንዳለው ወይም እንደሌለው በምን ሊያውቅ ይችላል?

ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1913 «ዝንባሌና ጥረት በትምህርት» የሚል ትርጉም ያለው አነስተኛ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ክርክር ትምህርትን ማጣፈጥ ይገባል በሚሉና ተማሪው በማይወደው ነገር ላይ በመታገል ይጠነክራል በሚሉ ወገኖች መካከል ነበር። ዱዊ ሁለቱንም ወገኖች ነቅፈዋል። እንደ እርሳቸው አስተያየት ሁለቱም የሚሳሳቱት ትምህርቱን ከተማሪው ማንነት ውጭ ያለ ባዕድ ነገር በማድረጋቸው ነው። አንደኛው ወገን ባዕዱን ነገር በማር ለውሶ ሊያውጠው ሲሞክር፣ ሌላኛው በግዴታ ሊያስውጠው ይሞክራል። እውነተኛ ዝንባሌ ባለበት ግን ጥረት ከውስጡ ይመነጫል፤ ሰው የያዘው ጉዳይ የራሱ ሲሆን እንቅፋቱን ለማለፍ ይደክማል እንጂ ስለ እንቅፋቱ ጉዳዩን አይተውም። ይህ አስተያየት ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው፤ «ቀላሉን ልምረጥ ወይስ የምወደውን?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ተቃራኒ አድርጎ ያስቀምጣቸዋልና።

በቅርብ ዘመን ሱዛን ሂዲና አን ሬኒንገር እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ትንታኔ ደግሞ ዝንባሌ በአራት እርከኖች እንደሚያድግ ያመለክታል። በመጀመሪያ ከአካባቢው በሚመጣ አንድ ነገር ይቀሰቀሳል፤ ቀጥሎ በመልካም ትምህርት ይዘልቃል፤ ከዚያም የግል መሆን ይጀምራል፤ በመጨረሻ ሥር ሰዶ ይጸናል። በየእርከኑ ድጋፍ ካላገኘ ወደ ኋላ ሊመለስ፣ ፈጽሞም ሊጠፋ ይችላል። ይህ ከሆነ ተማሪን «ዝንባሌህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ዝንባሌው እንዲቀሰቀስ ምን አሳይተነዋል የሚለው ጥያቄ መምህሩንና ተቋሙን ይመለከታል።

ከዚህም ሌላ ዝንባሌን የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ስሜቶች አሉ። አንደኛው የሙያው ስምና ክብር ነው። ሐኪም መባልን የሚወድ ሁሉ የሰውን አካል አሠራር ማጥናት ይወዳል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ለመምህሩ ያለ ፍቅር ነው። በዘጠነኛ ክፍል ያስተማረው መልካም የኬሚስትሪ መምህር ተማሪውን ወደ ኬሚስትሪ ሊስበው ይችላል፤ ይህ የዝንባሌ ጥሩ መነሻ ቢሆንም መምህሩ ሲለወጥ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ገና የራሱ አልሆነም። ሦስተኛው ጥሩ ነጥብ ያመጡበትን ትምህርት መውደድ ነው። እውነተኛውን ዝንባሌ የምንለይበት ምልክት ተማሪው ማንም ሳያዘው፣ ነጥብም ሳይሰጠው ተመልሶ የሚሄድበት ጥያቄ መኖሩ ነው።

4. የውጭ ጥናቶች የሚያስተምሩንና የማያስተምሩን

ሺላ ቶባያስ የተባሉት አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት በሌላ የእውቀት ዘርፍ የበቁ ምሩቃንን በመጀመሪያ ደረጃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ኮርሶች ውስጥ እንደ ተማሪ አስቀምጠው የታዘቡትን እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ታዛቢዎቹ ትምህርቱን መከታተል አላቃታቸውም። ቅሬታቸው ግን ኮርሱ «ስንት» የሚለውን እየጠየቀ «ለምን» የሚለውን የሚዘል፣ ትምህርቱ ወዴት እንደሚያመራ የማይነግር፣ በተማሪዎች መካከልም ከትብብር ይልቅ ፉክክርን የሚያነግሥ መሆኑ ላይ ነበር።

ኢሌን ሲሞርና ናንሲ ሂዊት እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ደግሞ በሰባት የአሜሪካ ተቋማት ሳይንስን ትተው የወጡትንና ጸንተው የቆዩትን ተማሪዎች አነጋግሯል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግኝት ሁለቱ ወገኖች በችሎታ ብዙም የማይለያዩ መሆናቸው ነው። ስለ ማስተማሩ ድክመት ከወጡት መካከል ከአሥር ዘጠኙ፣ ከቆዩትም መካከል ከአራት ሦስቱ ያህል አማርረዋል። ዝንባሌያቸው መጥፋቱን የተናገሩት ተማሪዎች ሲገቡ ዝንባሌ ነበራቸው፤ ያጠፋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኙት አቀባበል ነው።

እነዚህን ጥናቶች እንዳሉ ገልብጦ ወደ እኛ አገር ማምጣት ግን ስሕተት ይሆናል። የአሜሪካው ተማሪ የጠላውን መስክ ትቶ ወደ ሌላ ይሻገራል፤ ስለዚህም መውጣቱ በመዝገብ ላይ ይታያል፤ ይቆጠራል፤ ይጠናል። የእኛ ተማሪ ግን አንዴ ከተደለደለ በኋላ መስክ መለወጥ በጣም ስለሚያስቸግረው ባለበት ይቆያል። አካሉ በመማሪያ ክፍል ውስጥ እያለ ልቡ የወጣ ተማሪ በየትኛውም የሬጂስትራር ሠንጠረዥ ላይ «ለቀቀ» ተብሎ አይመዘገብም። በቂ ነጥብ ይዞ ይመረቃል፤ በዕቅድ ሪፖርት ላይም እንደ ስኬት ይቆጠራል። የመልቀቅን መጠን ብቻ የሚለካ ዐይን እንግዲህ የእኛን ችግር ሊያየው አይችልም።

5. ያልመረጠ መምህር

ይህ ተማሪ ተመርቆ ወዴት ይሄዳል? ከመሠረታዊ ሳይንስ ክፍሎች የሚወጡት ምሩቃን ብዙዎቹ መድረሻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በሳይንሱ ዲግሪ ይዞ፣ ቀጥሎ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ እንዲወስድ ተደርጎ ነበር። በመርሕ ደረጃ ዓላማው የመምህሩን የትምህርት ዓይነት እውቀት ማጠንከር ነበር። ነገር ግን ሌላ ሥራ ያጣ ምሩቅ የሚገባበት በር ወደ መሆን ሲያዘነብል፣ በቅጹ ግርጌ ያለው ምርጫ ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ ሰውየው መጀመሪያ ፊዚክስን ሳይመርጥ ተማረ፤ ቀጥሎ ማስተማርን ሳይመርጥ አስተማረ።

በዚህ መንገድ የመጣውን መምህር መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በታማኝነት ይሠራል። ሆኖም ራሱ ያልወደደውን ነገር ለሌላው ማስወደድ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ምሳሌ ይሠራል፤ ተማሪው «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን «በፈተና እንዲህ ነው የሚመጣው» ብሎ ያልፋል። ያ ተማሪ ፊዚክስ ከባድና ደረቅ ነው የሚል እምነት ይዞ ይወጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ፊዚክስን በቅጹ ግርጌ ይጽፈዋል። ነጥቡ ሳይበቃው ቀርቶ ወደዚያው ከተመደበ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ክበቡ እንዲህ ይዘጋል። «ፊዚክስ ከባድ ነው» የሚለው አባባል ራሱን በራሱ እውነት የሚያደርግ ትንቢት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ሁለቱ መመዘኛዎች ሲጋጩ

አንድ ተማሪ በፊቱ ያሉትን መስኮች በሁለቱ መመዘኛዎች ሲመዝን አራት ሁኔታዎች ይገጥሙታል። መስኩ ቀሎት የሚወደው ከሆነ ምክር አያስፈልገውም። ከብዶት የማይወደው ከሆነም እንደዚሁ። አስቸጋሪዎቹ የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

መስኩን እየወደደው የከበደው ተማሪ በቅድሚያ ክብደቱ ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። የመሠረት ጉድለት ከሆነ በአንድ የክረምት ወራት ብርቱ ጥናት ሊጠገን የሚችልበት ጊዜ ብዙ ነው። የአቀራረብ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ አስረጂ፣ የጥናት ጓድ ሊያቃልለው ይችላል። ከመስኩ ባሕርይ የመነጨ ከሆነ ግን ራሱን «ይህን ዓይነቱን ድካም በየቀኑ ልሸከመው እፈቅዳለሁን?» ብሎ ይጠይቅ። የፊዚክስ ድካም አንድን ጥያቄ ለሰዓታት ይዞ መቀመጥ ነው፤ የባዮሎጂ ድካም ብዙ ዝርዝር መያዝና ማያያዝ ነው፤ የኬሚስትሪ ድካም በቤተ ሙከራ ቆሞ መዋልና መታገሥ ነው። ሰው ሁሉ ይደክማል፤ የሚለያየው የሚመቸው የድካም ዓይነት ነው።

መስኩ ቀሎት የማይወደው ተማሪ ያለበት ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። አደጋው የተሰወረ ስለሆነም ማንም አያስጠነቅቀውም፤ ነጥቡ ጥሩ ነውና። ቅለቱ የሚያበቃው በላይኛው ዓመት የራሱን የምርምር ጥያቄ እንዲያቀርብ በሚጠየቅበት ቀን ነው። ያን ጊዜ የሚጠይቀው ነገር እንደሌለው ይገነዘባል።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ዕቅድ አውጪው እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አገሪቱ ሁሉም ተማሪ የወደደውን እንዲማር ብትፈቅድ ሕክምናና ሶፍትዌር ምሕንድስና ይጨናነቃሉ፤ ፊዚክስና ሒሳብ ባዶ ይቀራሉ፤ የቤተ ሙከራውም የመምህሩም አቅም ውስን ነው ሊል ይችላል። አቅም ውስን መሆኑ አያጠያይቅም፤ ገደብ የሌለው ምርጫም በየትኛውም አገር የለም። ነገር ግን ክርክሩ ተማሪዎች ዛሬ የሚያሳዩትን ፍላጎት እንደ ተፈጥሮ ሕግ የማይለወጥ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚህ በላይ እንደታየው ፍላጎቱ የተቀረጸው በእኛው ትምህርት ቤት ነው። የመስኮቹን እውነተኛ ገጽታ አይቶ ፊዚክስን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጎ የመረጠ ተማሪ፣ ሳያየው አሥረኛ አድርጎ ከጻፈውና ነጥብ ስላነሰው ብቻ ከተመደበው ተማሪ የተሻለ የፊዚክስ ሰው ይሆናል። ቦታው በሁለቱም መንገድ ይሞላል፤ የሚለያየው የሞላው ሰው ነው።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የሁለተኛ ደረጃ መምህር በመጀመሪያ ሊያደርግ የሚችለው ነገር «ከባድ» የሚለውን ቃል ሳይመረምር አለመቀበል ነው። ተማሪው ከበደኝ ሲል የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆመ ይጠይቀው፤ ጉድለቱ ከሒሳቡ፣ ከቋንቋው ወይስ ከጽንሰ ሐሳቡ እንደሆነ አብሮት ይፈልግ። መምህሩ ራሱም «ይህ ምዕራፍ ከባድ ስለሆነ ተጠንቀቁ» እያለ ፍርሃትን አያስቀድም። የቤተ ሙከራ ዕቃ ባይሟላም ክር ላይ በታሰረ ጠጠር ፔንዱለም፣ በሎሚ ጭማቂና በአመድ ውኃ የአሲድና የቤዝ ጠባይ ሊታይ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች የአንደኛ ዓመት ኮርሶችን ለጀማሪ መምህራን ትተው ለላይኛው ዓመት ብቻ ልምድ ያላቸውን መመደባቸውን ሊያስቡበት ይገባል። መስኩን የሚመርጠው ወይም የሚሸሸው ተማሪ ያለው አንደኛ ዓመት ላይ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ክፍል በላይኛው ዓመት የሚሰጣቸውን ኮርሶች፣ የሚጠይቀውን የሒሳብ መጠንና የተመራቂዎቹን የሥራ ዓይነት በግልጽ ጽፎ ቅጹ ከመሞላቱ አንድ ሴሚስተር በፊት ለተማሪዎች ቢያቀርብ፣ ያ ያልተጻፈው የከባድና የቀላል ዝርዝር ሥልጣኑን ያጣል።

ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከቱት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ድልደላው በድምር አማካይ ነጥብ ብቻ ከሚካሄድ ይልቅ ለየመስኩ አግባብ ያለው የአንደኛ ዓመት ኮርስ ውጤት የተለየ ክብደት ቢሰጠው፣ ወጪ ሳይጨምር ተማሪውንና መስኩን ያቀራርባል። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ የመስክ ዝውውር በተወሰነ ቍጥር ቢከፈት፣ የተሳሳተው ይታረማል፤ የዝውውሩም ቍጥር ዛሬ የማናየውን የልብ መልቀቅ ይለካልናል። ሦስተኛ፣ የሳይንስ መምህርነት የተረፈ ሰው መሰብሰቢያ ከመሆን ወጥቶ በማበረታቻና በክብር አስቀድሞ የሚመረጥ መስክ ካልተደረገ፣ ሌሎቹ እርምጃዎች ሁሉ ክበቡን ሊሰብሩት አይችሉም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ በቀረበው ምርመራ መሠረት «ቀላሉ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ «ለእኔ የከበደኝ ምኑ ነው? ይጠገናልን?» በሚለው ሊተካ ይገባዋል። «የትኛውን እወደዋለሁ?» የሚለውም «የትኛውን በእውነት አይቼዋለሁ?» በሚለው መቅደም አለበት። ተማሪው እነዚህን ጥያቄዎች ብቻውን ሊመልሳቸው አይችልም። የመጀመሪያውን መመለስ የሚችለው ጉድለቱን የሚለይለት መምህር ሲያገኝ ነው፤ ሁለተኛውንም የሚመልሰው የሚያየው ነገር ሲቀርብለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት ለዚህ የሚሆን ጊዜ ሰጥቶናል። ይህ ዓመት ተማሪዎችን በማዕረግ ለማሰለፍ ብቻ ከዋለ ለድልደላ የሚያገለግል ረጅም ፈተና ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ሳይንሶቹን አንድ በአንድ ቀርቦ የሚያይበት ዓመት ከሆነ ግን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው የፊዚክስ መምህር ፊዚክስን የመረጠ ሰው ይሆናል።